ከላይፕዚግ የመጣው የእድራችን ጥሩንባ

(ናዝሬት፣ ከሐዲዱ ማዶ ባለ ሰፈር፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አሰግደው በብረት ድስቶቹ መሃል ተቀምጠው አንድ የሙዚቃ ሸክላ በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ነገ የምትዳረው ትርሲት በሩ ላይ ቆማለች።)

ትርሲት፦ ለነገ ብቻ ነው ጋሼ! ለአንድ ቀን!

ጋሽ አሰግደው፦ እሁድ ሞት ሥራ አይገባም ያለሽ ማነው?

ትርሲት፦ ሰው አይሙት መቼ አልኩ? ዘፈኑን ስትሰሙ አታልቅሱ ብለው ለአባላቱ ይንገሩልኝ ነው የምለው።

ጋሽ አሰግደው፦ የምን ዘፈን?

ትርሲት፦ እጅዎ ላይ ያለው ነዋ!

ጋሽ አሰግደው፦ ይሄ ዘፈን አይደለም። ይሄ የእድሩ ጥሩንባ ነው።

ትርሲት፦ እርስዎ ይሙቱ ጋሼ፣ ሽፋኑን ይዩት እስቲ። አንዲት ፈረንጅ የሚያብረቀርቅ ቱታ ለብሳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቁጢጥ ብላለች።

ጋሽ አሰግደው፦ ሽፋኑን ማን አየው? ከዚህ ቁምሳጥን ወጥቶ አያውቅም። ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፁን ነው። ድምፁን ሲሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ሲያልቅ እኔ በድምፅ ማጉያው የሟቹን ስም እጠራለሁ። በቃ፣ እድር ማለት ይሄ ነው።

ትርሲት፦ እኔስ የፈራሁት ይሄንኑ አይደል! ነገ ሙሽራ ሆኜ ድንኳን ስገባ የሚዘፈነው ይሄው ነው።

ጋሽ አሰግደው፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ይሄው።

ጋሽ አሰግደው፦ በሰርግ?

ትርሲት፦ በሰርጌ።

ጋሽ አሰግደው፦ በእድሩ ድንኳን ውስጥ?

ትርሲት፦ ሌላ ድንኳን ከየት ላምጣ?

ጋሽ አሰግደው፦ በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ከቤተሰብሽ ጋር ተጣልተሻል?

ትርሲት፦ የመረጠው ሮቤል ነው።

ጋሽ አሰግደው፦ ሙሽራው? ያ ጆሮው ላይ የድስት ክዳን የሚያክል ነገር ደፍቶ የሚዞረው?

ትርሲት፦ ዲጄ ነው እኮ ጋሼ። ሥራው ሰው የረሳቸውን የፈረንጅ ሸክላዎች እየፈለገ ማውጣት ነው። ይሄን ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ይወደዋል። የተረሳ ዕንቁ ነው ይለዋል።

ጋሽ አሰግደው፦ የተረሳ! ባለፈው ሳምንት አይደለም እንዴ የእትዬ ብርቄን ባል የሸኘንበት?

ትርሲት፦ እሱ ይሄን አያውቅማ።

ጋሽ አሰግደው፦ አልነገርሽውም?

ትርሲት፦ አልነገርኩትም።

ጋሽ አሰግደው፦ ኧረ ጉድ! ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከሚያገባው ሰው ይደብቃል?

ትርሲት፦ እንዴት ብዬ ልንገረው? የተዋወቅነው እኮ በዚሁ ነው! አዲስ አበባ፣ የጓደኛዬ ልደት ላይ፣ ጭፈራ ቤት ገብተን ሰው ሁሉ ይጨፍራል። ድንገት ይሄ ነገር "ጡው፣ ጡው፣ ቡም" ብሎ ጀመረ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ፣ ሻርፔን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ መሃል ወለሉ ላይ ቆሜ እዬዬ አልኩ።

ጋሽ አሰግደው፦ እዚያው?

ትርሲት፦ ያ የሚብለጨለጭ መብራት ፊቴ ላይ እየበራ እየጠፋ።

ጋሽ አሰግደው፦ ደግ አደረግሽ። ወግ የምታውቂ ልጅ ነሽ።

ትርሲት፦ ሮቤል ሙዚቃውን ጥሎ ሮጦ መጣ። እንባው ግጥም ብሏል። "ይሄ ዘፈን የገባት ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለኝ። እኔ ደግሞ... ቆንጆ ነው ጋሼ። ምን ልበለው? "አዎ፣ በጣም ነው የምወደው" አልኩት። በዚያው ተጀመረ፣ በዚያው ቀረ።

ጋሽ አሰግደው፦ በዚያው ቀረ ስትይ?

ትርሲት፦ ደስ ባለው ቁጥር ይከፍትልኛላ! ልደቴ ላይ ከፈተልኝ። ቀለበት ያሰረልኝ ቀን ከፈተልኝ። እሱ ጣቴን ይዞ ተንበርክኳል፣ እኔ በሆዴ "ማን ይሆን? አክስቴ ትሆን? እትዬ ዘነቡ ትሆን?" እላለሁ። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። እሱ ደግሞ ባለቀስኩ ቁጥር ፍቅሩ ይብስበታል።

ጋሽ አሰግደው፦ ወይ ልጄ። ስንት ሰው ሞተብሽ በከንቱ።

ትርሲት፦ እና አሁን እውነቱን ብነግረው፣ "ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ስትዋሺኝ ነበር" ብሎ ጥሎኝ ቢሄድስ? በሰርጌ ዋዜማ?

ጋሽ አሰግደው፦ አትንገሪው እሺ። ሌላ ዘፈን ይዘፈን በይው። ስንት ያማረ የሰርግ ዘፈን እያለን!

ትርሲት፦ አልፏል። ዘፋኟን አምጥቷታል።

ጋሽ አሰግደው፦ ማንን?

ትርሲት፦ ሬናተን። ይቺን ማሽኑ ላይ የተቀመጠችውን።

ጋሽ አሰግደው፦ ይቺን? ጸጉሯ እንደ ቁልቋል የቆመውን?

ትርሲት፦ አሁን ሸብታለች። ላይፕዚግ ድረስ አፈላልጎ ነው ያገኛት። ይሄን አንድ ሸክላ አውጥታ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ሲቀር እርግፍ አድርጋ ተወችው። ዕድሜዋን ፖስታ ቤት ነው የጨረሰችው። አሁን እኛ ቤት ቁጭ ብላ ቆሎ ትበላለች። ትናንት ሮቤል እየተረጎመልኝ ምን አለችኝ መሰልዎ? "በሕይወቴ ማንም ሰው አልሰማኝም።"

ጋሽ አሰግደው፦ ማንም አልሰማኝም? ከዚህ ሰፈር እሷ ሳትዘፍንለት አፈር የለበሰ አንድ ሰው ትጥራልኝ!

ትርሲት፦ እርስዎ ግን ምን ነክቶዎት ነው ይሄን ለለቅሶ የመረጡት? ጀርመንኛ ይችሉ የለም እንዴ?

ጋሽ አሰግደው፦ መረጥኩ እንዴ! ጨንቆኝ ነው። ከምሥራቅ ጀርመን ኤሌክትሪክ ተምሬ በመጣሁ ሰሞን ጥሩንባ ነፊያችን አባባ ቢሻው አረፉ። ለጥሩንባ ነፊው ማን ይንፋለት? ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ተፋጠጡ። አንዱ ልሞክር ብሎ ቢነፋ እንደ ታመመች ላም አጓራና የሟች ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ቤት ድምፅ ማጉያ አለ፣ ይሄ ሸክላም አለ። መነሻው ላይ ጥሩንባ የሚመስል ነገር ነበረውና ለዛሬ ብቻ ብዬ ከፈትኩት።

ትርሲት፦ ለአንድ ቀን።

ጋሽ አሰግደው፦ ለአንድ ቀን። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ "ይሄስ ከጥሩንባውም ይበልጥ ሆድ ያባባል" ብለው አጸደቁት። ታዲያ እኔ ምን ልበል?

ትርሲት፦ "ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው" ይበሏቸዋ!

ጋሽ አሰግደው፦ ማን ነገረሽ?

ትርሲት፦ ሮቤል ተርጉሞልኛል። "ሸሚዝህ ይዞራል፣ ሸሚዝህ ይዞራል፣ ኦሞ ጨመርኩበት፣ አሁንም ይዞራል።" አያቴን በዚህ ነው የሸኘናት ጋሼ! በኦሞ!

ጋሽ አሰግደው፦ ከሱ ቀጥሎ ያለውንስ ነግሮሻል? "ሸሚዝህ አለ፣ አንተ የለህበትም።" እ? ይሄ ለቅሶ ካልሆነ ለቅሶ ምንድነው? ከጎጃም አልቃሽ ብናስመጣ ከዚህ የተሻለ ትናገራለች?

ትርሲት፦ ታዲያ እግርዎ ለምን ይጨፍራል?

ጋሽ አሰግደው፦ የቱ እግሬ?

ትርሲት፦ በተከፈተ ቁጥር ቀኝ እግርዎ መሬቱን ይደበድባል። እማዬማ "አሰግደውን ሐዘን እግሩ ላይ ወጣበት" ብላ ጸበል ልትወስድዎ ነበር።

ጋሽ አሰግደው፦ ምቱ ነዋ! ምቱ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ እኮ ላይፕዚግ እያለሁ በዚህ ጨፍሬያለሁ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ወገቤ ይታዘዘኝ ነበር። አሁን ሬሳ ፊት ቆሜ ከንፈሬን ነክሼ እቆጣጠረዋለሁ፣ እግሬ ግን አሻፈረኝ ይላል። ምን አባቴ ላድርገው?

ትርሲት፦ እሺ እሱን እናቆየውና ለነገ ይንገሩልኝ። ዛሬ በማጉያው "ነገ ድምፁን ብትሰሙ ሰርግ ነው፣ አታልቅሱ" ይበሉልኝ።

ጋሽ አሰግደው፦ አይሆንም።

ትርሲት፦ ለምን?

ጋሽ አሰግደው፦ አቶ ዘርጋው ሲሞቱ ምን እንደሆነ ረሳሽው? ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ግማሹ ሰው "ሰውየው ነቅቷል መሰለኝ" ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሬሳውን የተሸከምነው ጥቂት ሆነን ነው፤ ወገቤ እስከ ዛሬ አልዳነም። መብራት በመሄዱ ይሄ ከሆነ፣ አንዴ ለሰርግ አንዴ ለቀብር ካደረግነው ማን አምኖ ይወጣል? ድምፁን ሲሰማ አንዱ ነጠላ ያዘቀዝቃል፣ ሌላው ከረባት ያስራል።

ትርሲት፦ አንድ ቀን እኮ ነው!

ጋሽ አሰግደው፦ ትርሲት፣ ልጄ፣ አንቺ ባል አለሽ፣ እናት አለሽ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ልጅ ይኖርሻል። እኔ ሚስቴን ቀብሬያለሁ፣ ልጅ አልሰጠኝም። ስሞት እየሮጠ "ጋሽ አሰግደው ሞቱ" ብሎ የሚናገርልኝ ሰው የለኝም። ያለኝ ይሄ ሸክላ ነው። ይሄ ሲጮህ ሰው ካልወጣ ማን ያወጣኛል? እፈራለሁ። አዎ፣ እፈራለሁ። ብቻዬን መቀበር ነው የምፈራው።

ትርሲት፦ ጋሼ...

ጋሽ አሰግደው፦ በቃ አትለምኚኝ። ይሄው፣ ሸክላውን ቁምሳጥን ውስጥ አስገብቼ ቆልፌበታለሁ። ያለ እኔ ፈቃድ እንግዲህ ማንም... ምንድነው እሱ?

ትርሲት፦ የቱ?

ጋሽ አሰግደው፦ ጡው፣ ጡው... ስሚ!

ትርሲት፦ ኧረ በሕግ አምላክ!

ጋሽ አሰግደው፦ ቁልፉ እጄ ላይ ነው እኮ! ሸክላው ውስጥ ነው! ማነው የከፈተው?

ትርሲት፦ ከእኛ ግቢ ነው! ሞንታርቦውን እየሞከሩ ነው! ማታ ነው የምንሞክረው ብሎኝ ነበር!

ጋሽ አሰግደው፦ ሴትየዋ ራሷ ናት የምትዘፍነው። ወይ አምላኬ፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል እንጂ ያው ነው። ሸሚዝህ ይዞራል...

ትርሲት፦ ጋሼ፣ እግርዎን ይሰብስቡና በመስኮት ይመልከቱ! ሰው ወጣ!

ጋሽ አሰግደው፦ አለቀልን። እትዬ ብርቄ አንደኛ ናት። ገና ከራሷ ለቅሶ ሳትወጣ!

ትርሲት፦ ሐጂ ሙሰማ ሱቃቸውን ዘግተው እየመጡ ነው። እትዬ ዘነቡ ደረቷን እየመታች ነው። ማን እንደሞተ ሳታውቅ!

ጋሽ አሰግደው፦ ስም ያልተጠራው እኮ ዘፈኑ ስላላለቀ ነው። ደንቡን ነው የሚያደርጉት፤ ምን ያጠፉት አለ?

ትርሲት፦ ወደ እኛ ቤት ነው የሚሄዱት። ድምፁ ከዚያ ስለመጣ! ውይ፣ እማዬ ወጣች። ዶሮ ስትገነጥል ነበር፣ ቢላዋውን እንደያዘች ነው የወጣችው። ደጇ ሰው ሞልቶ ያለቅሳል... እሷም ጀመረች! "ማንን ነው ያጣሁት?" እያለች መሬት ላይ ቁጭ አለች!

ጋሽ አሰግደው፦ ወንዶቹ አግዳሚውን ከሰርግ አደራደር ወደ ለቅሶ አደራደር እየቀየሩት ነው። ፈጣኖች ናቸው፣ አይካድም።

ትርሲት፦ እነዚያስ አካፋ የያዙት?

ጋሽ አሰግደው፦ የዚህ ወር ተረኛ ቆፋሪዎች ናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነው።

ትርሲት፦ ማንን ሊቀብሩ?

ጋሽ አሰግደው፦ ቆፍረው ይጠብቃሉ እንጂ እሱን አይጠይቁም።

ትርሲት፦ ፈረንጇ ደግሞ ደስ ብሏታል! ሰው ሲያለቅስ አይታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ትነሳለች። ያለቀውን እንደ አዲስ ጀመረችው! ጋሼ፣ ሞቼ ነው ቆሜ! ይውጡና የሆነ ነገር ይበሉ!

ጋሽ አሰግደው፦ ቆይ እስቲ። ያ አቶ መኩሪያ አይደለም?

ትርሲት፦ እሱ ነው።

ጋሽ አሰግደው፦ ከእናትሽ ጋር በአጥር ተካስሶ የተኳረፈው?

ትርሲት፦ አዎ። አቅፏት እያለቀሰ ነው።

ጋሽ አሰግደው፦ ማን ሞተ ብሎ አንድም የጠየቀ የለም እኮ። ድምፁን ሰሙ፣ መጡ።

ትርሲት፦ ለእርስዎም እንዲሁ ነው የሚመጡት። ስም እስኪጠራ የቆመ ሰው አዩ?

ጋሽ አሰግደው፦ ዛሬማ መጡ። ዘፈኑ አልቆ ስም ሳይጠራ ቢቀርስ? ነገም ይመጣሉ? ስልክሽ ይጮሃል።

ትርሲት፦ ሮቤል ነው። ምን እለዋለሁ?

ጋሽ አሰግደው፦ እኔ አሁን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መልስ መስጠት አለብኝ። አንቺ ለአንድ ሰው መናገር አቃተሽ? አንሺው።

ትርሲት፦ ሃሎ... አዎ፣ እየሰማሁ ነው... አዎ፣ ያለቅሳሉ... አይ ሮቤል፣ ዘፈኑ ገብቷቸው አይደለም። ስማኝ። አትጩህ፣ ስማኝ። ያ ዘፈን እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የሚከፈት ነው... አልቀልድም። ከመወለዴ በፊት ጀምሮ... አዎ፣ ያን ቀንም ያለቀስኩት ሰው የሞተ መስሎኝ ነው... አዎ፣ ልደቴ ላይም... ቀለበቱም ላይ... አልወደውም ሮቤል። ሲጀምር አልጋ ሥር ግቢ ግቢ ነው የሚለኝ። የምወደው አንተን ነው። ዘፈኑን አንተን ብዬ ነው የቻልኩት። ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ... ሮቤል? ሮቤል?

ጋሽ አሰግደው፦ ዘጋው?

ትርሲት፦ አልዘጋም። ይሳቅ ያልቅስ አላወቅኩም፤ በዚህ ጩኸት መሃል መለየት አልቻልኩም። እ? ... "ይሄን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ብለሽ ነው የቻልሽው?" አለኝ... አዎ፣ ለአንተ ነው... ጋሼ፣ "ከዚህ በላይ ማን ወዶኝ ያውቃል?" እያለ ነው።

ጋሽ አሰግደው፦ ተመስገን! አንዱ ተገላገልን። በይ አሁን የኔን ጣጣ። ዘፈኑ አለቀ። ይኸው፣ ሁሉም ወደዚህ ዞረው ስም ይጠብቃሉ።

ትርሲት፦ ማንም አልሞተም ይበሏቸዋ!

ጋሽ አሰግደው፦ እና ሴትየዋ "ታዲያ ምን አስለቀሳቸው?" ስትል? በስተርጅና የሰማት ሰው ብታገኝ፣ የሬሳ ጥሪ ነሽ ልበላት?

ትርሲት፦ እንግዲያው የሆነ ስም ይጥሩ! የማይታወቅ ሰው!

ጋሽ አሰግደው፦ በዚህ ማጉያ ውሸት ወጥቶ አያውቅም። እኔ እያለሁ አይወጣም።

ትርሲት፦ ቆይ፣ ሮቤል የሆነ ነገር ይላል... እ? ... ጋሼ፣ ሬናተም ማልቀስ ጀምራለች። "ወንድሜ ይሄን ሕዝብ ሳያይ" ትላለች። ያን ጥሩንባ የሚመስለውን ድምፅ በመሣሪያው ያወጣው ወንድሟ ነው አለ። ሎታር ይባላል። ሞቷል። ሲቀበር እሷና መቃብር ቆፋሪው ብቻ ነበሩ፣ ዝናብም ነበር አለች።

ጋሽ አሰግደው፦ ሁለት ሰው ብቻ?

ትርሲት፦ ሁለት ሰው።

ጋሽ አሰግደው፦ አልቃሽ የለ፣ ድንኳን የለ?

ትርሲት፦ ምንም። ግን ቆይቷል እኮ ጋሼ፣ ዓመታት አልፈውታል።

ጋሽ አሰግደው፦ መርዶ ከተሰማበት ቀን ነው የሚለቀሰው። እኛ የሰማነው ዛሬ ነው።

ትርሲት፦ ኧረ ጋሼ! የእድሩ አባል እኮ አይደለም!

ጋሽ አሰግደው፦ ከዚህ ሰፈር አንድም ቀብር ያልቀረ እሱ ብቻ ነው። እኔ እንኳ ወባ ሲይዘኝ ቀርቻለሁ። አባል ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ትርሲት፦ እሺ ነገስ? ነገ ስትዘፍን ሰው ምን ያደርጋል?

ጋሽ አሰግደው፦ ሐዘንተኛን ሐዘን የሚያስጥለው ጎረቤት አይደለም? ለሮቤል ንገሪው፣ አጠገቧ ቆሞ የምለውን አንድም ሳያስቀር ይተርጉምላት። ማይኩን አቀብይኝ። ማብሪያውን ወደ ላይ ነው፣ አዎ። እ... እ... የእድራችን አባላት፣ ጸጥታ! ለቀብራችን ሁሉ ከማናችንም ቀድሞ ሲደርስ የኖረው ወንድማችን ሎታር፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቶ በአገሩ ያለ አልቃሽ መቀበሩን ዛሬ ሰምተናል። አካፋ የያዛችሁ ተመለሱ፣ ተቀብሯል። እህቱ እመት ሬናተ እዚያው መሃላችሁ የቆመችው ናት፣ ዙሪያዋን ያዟት። ዛሬ እስኪመሽ አልቅሱለት። ነገ በትርሲት ሰርግ ላይ ሐዘኗን እናስጥላታለን፤ እሷ ስትዘፍን ያልጨፈረ ሰው፣ የእኔ ቀብር ላይ እንዳላየው!